ባለ ኪስ የእንቁጣጣሽ ካርድ፦ ኪሱ ከወረቀቱ ይታጠፍ ወይስ ይለጠፍ?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ለ2019 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ከልጆች ጋር በእጅ የሚሠራን የመልካም ምኞት ካርድ በተመለከተ አንድ አቋም ይዤ ቀርቤያለሁ። በካርዱ ውስጥ የሚኖረው ኪስ ከሌላ ወረቀት ተቆርጦ የሚለጠፍ ሳይሆን ከራሱ ከካርዱ ወረቀት የሚታጠፍ መሆን አለበት እላለሁ። የሚለጠፍ ኪስ በሦስት ጎኑ ሙጫ ይጠይቃል፤ በሕፃን እጅ የተቀባ ሙጫ ደግሞ ወደ ውስጥ እየፈሰሰ የኪሱን አፍ ሳይቀር ይደፍነዋል፣ ወረቀቱንም ያኮማትረዋል። የታጠፈ ኪስ ግን ታችኛው ጠርዙ ራሱ እጥፋት ስለሆነ የያዘውን ከሥር አያፈስም፤ ሙጫ የሚፈልገውም በጎንና በጎኑ ብቻ ነው።

የምሠራበት ልክ የሚከተለው ነው። አንድ የኤፎር ወረቀት 21 በ29.7 ሴንቲ ሜትር ነው። ቁመቱን 20.8 ላይ እቆርጠዋለሁ፤ ከታች 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ አጥፌ ስጫነው ቁመቱ 14.8 ይሆናል፤ ከዚያ ከመሃል ሳጥፈው 10.5 በ14.8 የሆነ፣ በውስጡ ግራና ቀኝ ኪስ ያለው ካርድ ይወጣል። ይህ ካርድ ሲ6 በሚባለው 11.4 በ16.2 ሴንቲ ሜትር ፖስታ ውስጥ ሳይጨናነቅ ይገባል። የተረፈው ቁራጭ 8.9 በ21 ስለሆነ ለሁለት ተከፍሎ በየኪሱ የሚገባ መጻፊያ ይሆናል፤ ከወረቀቱ የሚጣል ነገር የለም።

ኪሶቹ ሁለት የሆኑት ለማሳመር አይደለም። በቀኙ ልጁ የሣለው የእንቁጣጣሽ ሥዕል ይገባል፤ በግራው ምንም ያልተጻፈበት ወረቀት ይቀመጥና ካርዱን የተቀበለው ዘመድ ምርቃቱን ጽፎበት ይመልሰዋል። ወንዶች ልጆች በዘመን መለወጫ ማለዳ አበባና ፀሐይ፣ መልአክም ሥለው በየደጁ ሲያዞሩ ይዘው የሚመለሱት ሳንቲም ብቻ አልነበረም፤ ምርቃትም ነበር። ዘመድ በሌላ አገር ሲኖር ሥዕሉን መላክ ቀላል ነው፤ ምርቃቱ ግን የሚመለስበት መንገድ ያጣል። ባዶው ኪስ የታሰበው ለዚያ ነው።

ጥያቄዬ አንድ ነው። ካርዱ ከመሃል ሲታጠፍ በውስጥ በኩል የሚውለው የኪስ ወረቀት ይሸበሸባል። እናንተ ይህን በምን ታስተካክሉታላችሁ?

(የውይይታችን ክር እየረዘመ ስለሄደ፣ አዲስ ለሚገቡ አንባቢዎች እንዲቀል ምላሾቹን በየቁጥራቸው በራሴ አገላለጽ ከዚህ በታች አስፍሬያለሁ።)

ምላሽ 1። በባሕር ዳር የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥዕል መምህርት የሆኑ ተሳታፊ በአቋሙ ተስማምተው ስለ መሣሪያው ጨመሩ። ልጆች በጣታቸው ብቻ ሲያጥፉ እጥፋቱ ስለሚወላገድ፣ አስቀድመው ቀለሙ ባለቀ እስክሪፕቶ በማስመሪያው ጠርዝ ላይ ተጭነው መስመሩን እንዲያሰርጉ ያደርጓቸዋል፤ ከታጠፈ በኋላም በማንኪያ ጀርባ ከመሃል ወደ ዳር እንዲጫኑት ያሳይዋቸዋል። ከዳር ወደ መሃል የሚጫን ልጅ ወረቀቱን መሃል ላይ ያጎብጠዋል፤ ይህን ሳያውቁ ጥፋቱን በሙጫው ላይ የሚያሳብቡ ብዙ ናቸው ብለዋል። ለጥያቄዬ መልስ አልሰጡም፣ ሆኖም ከእርሳቸው በኋላ የጻፉት ሁሉ ወደዚህ ምክር ተመልሰዋል።

ምላሽ 2። በማተሚያ ቤት የሚሠራ ወንድማችን ያመጣው ነገር ክሩን ወደ ጥልቅ ጉዳይ ወሰደው። ወረቀት ሲመረት ቃጫዎቹ በአብዛኛው ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛሉ፤ በዚያው አቅጣጫ የታጠፈ ወረቀት ለስላሳ እጥፋት ይሰጣል፣ ቃጫውን አቋርጦ የታጠፈ ግን ወፍራም ከሆነ ይሰነጠቃል፣ ቀለም የተቀባ ከሆነም በእጥፋቱ ላይ ነጭ ሽንትር ያወጣል። የቃጫውን አቅጣጫ ለማወቅ ወረቀቱን ሳያጥፉ በሁለቱም በኩል ጎበጥ አድርጎ መሞከር ይበቃል፤ እምብዛም ሳይታገል የሚጎብጥበት በኩል እጥፋቱ የሚስማማበት ነው። በእኔ ካርድ ላይ ሁለት እጥፋቶች አሉ፣ አንዱ አግድም ሌላው ሽቅብ፤ ስለዚህ አንደኛው የግድ ቃጫውን ያቋርጣል። የሚከፈተውና የሚዘጋው የመሃሉ ስለሆነ ለእርሱ ቅድሚያ ይሰጠው፣ የታችኛው ግን አንዴ ታጥፎ የሚቀር ስለሆነ በደንብ ከተሰመረ ይበቃዋል የሚል ነው ሐሳቡ። የኤፎር ልክ ያለው ጠንካራ ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ቃጫው በረጅሙ ጎን ስለሚሄድ፣ ከላይ በሰጠሁት አቆራረጥ የመሃሉ እጥፋት ከቃጫው ጋር ይገጥማል። ስለ ካርድ ሥራ ካነበብኳቸው ማብራሪያዎች ሁሉ ይህን ያህል የረዳኝ የለም።

ምላሽ 3። አንድ ተሳታፊ ጥያቄው ራሱ አስፈላጊ አይደለም ባይ ነው። የኪሱን ጎኖች የሚያጣብቀው ካርዱን ከመሃል አጥፎ ከዘጋ በኋላ ስለሆነ ሽብሽባት አይታየውም፤ ኪሱንም ለሁለት ሳይከፍል አንድ ረጅም ኪስ አድርጎ ይተወዋል፣ ምክንያቱም የሚያስገባበት በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የወጣው ባለ 200 ብር ኖት ነው፤ አዲስና ያልተጨማደደ ኖት ለወንድሙ ልጆች መስጠት ልማዱ እንደሆነ ገለጸ። ይህቺ የብሩ ነገር በኋላ ብዙ አነጋግራለች።

ምላሽ 4። ለምላሽ 3 የተሰጠ እርማት ነው፤ ጸሐፊዋ መጽሐፍ በመጠረዝ ሥራ ላይ ያሉ ናቸው። ካርዱን ዘግቶ ማጣበቅ ሽብሽባቱን አያጠፋውም፣ ቦታውን ብቻ ይለውጠዋል አሉ፤ ተዘግቶ የተጣበቀ ኪስ ካርዱ ሲከፈት ይወጠርና የጀርባውን ወረቀት ያጎብጠዋል፣ ምክንያቱም ካርዱ ሲታጠፍ በውስጠኛ በኩል ያለው ወረቀት ከውጭኛው ያነሰ ርዝመት ነው የሚያስፈልገው፣ በዚያ ልክ ተጣብቆ ሲከፈት ደግሞ ያጥራል። መፍትሔው ኪሱን በመሃል መሰንጠቅ ነው። ወደ ላይ የታጠፈውን ክፍል ከአፉ ጀምሮ እስከ ታችኛው እጥፋት ድረስ በመሃሉ መስመር ላይ መቁረጥ፣ ከዚያም ከመስመሩ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ሚሊ ሜትር መሸረፍ ያስፈልጋል፤ የመሃሉ እጥፋት ከዚያ በኋላ ነጠላ ወረቀት ብቻ ስለሚያገኝ ንጹሕ ሆኖ ይታጠፋል። ኪሶቹ በመሃል በኩል ክፍት ስለሚሆኑ በዚያም ጎን እንደ ዳሩ ሁሉ 4 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የሙጫ መስመር ይቀባል፤ ሙጫው ግን በምንም ዓይነት እጥፋቱ ላይ መድረስ የለበትም። በዚህ ስሌት የኪሱ ውስጠኛ ስፋት 9.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፣ 8.9 የሆነው መጻፊያም ይገባበታል። በኪሱ አፍ መሃል ላይ አውራ ጣት የምታህል ግማሽ ክብ ቢቆረጥለት ወረቀቱን ለማውጣት ይቀላል የሚል ተጨማሪ ምክርም ሰጥተዋል። ለጥያቄዬ የተገኘው ሙሉ መልስ ይህ ነው።

ምላሽ 5። አንዲት እናት ምላሽ 4ን በወረቀት ሞክራ ከመጣች በኋላ፣ ከኪሱ ልታስገባው ያሰበችው የቤተሰብ ፎቶ እንዳልገባላት ጻፈች። የተለመደው 10 በ15 ፎቶ 9.5 ሴንቲ ሜትር በሆነ ኪስ ውስጥ መግባት አይችልም፤ ፎቶ ቤቶች የሚያትሙት 9 በ13 ግን ይገባል፣ ከካርዱ ቁመትም አያልፍም። እርስዋ የመረጠችው የድሮውን ፎቶ ከመቁረጥ ይልቅ በዚህ ልክ እንደገና ማሳተምን ነው፤ ደግ አድርጋለች።

ምላሽ 6። ከሜሪላንድ የምትጽፍ እህታችን በአሜሪካ የኤፎር ወረቀት በቀላሉ እንደማይገኝ አስታወሰችን። በዚያ የሚሸጠው 21.6 በ27.9 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ቁመቱ 20.8 ላይ ሲቆረጥ የተዘጋው ካርድ ስፋቱ 10.8 ይሆናል፣ ፖስታው ውስጥም ይገባል፣ የሚተርፈው ቁራጭ ግን 7.1 ብቻ ስለሆነ መጻፊያው ጠበብ ይላል። ከዚህ በፊት ወረቀቱን ሳትቆርጥ አጋድማ ታጥፍ ስለነበር የሚወጣላት ካርድ አራቱ ጎኖቹ እኩል ለመሆን የተቃረቡ ነበሩ፤ የአሜሪካ ፖስታ ቤት ደግሞ ርዝመቱ ለስፋቱ ሲካፈል ከ1.3 በታች የሚሆን ፖስታን በማሽን ስለማይለይ ተጨማሪ ያስከፍልበታል። የአሁኑ ልክ ከዚህ ችግር ነጻ እንደሚያደርጋት አስልታ አሳይታለች።

ምላሽ 7። ከጀርመን የገባው ተሳታፊ ምላሽ 6ን አጠናክሮ ስለ ክብደት አነሣ። በዚያ አገር መደበኛው ደብዳቤ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በላይ መስፋት፣ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ መወፈር፣ ከ20 ግራም በላይ መመዘን አይፈቀድለትም። የኤፎር ወረቀት የአንድ ካሬ ሜትር አንድ አሥራ ስድስተኛ ስለሆነ፣ በካሬ ሜትር ክብደቱ ባለ 160 ግራም የሚባለው ወረቀት አንዱ ሉክ 10 ግራም ይመዝናል፣ ባለ 250 የሚባለው ግን ወደ 16 ግራም ይጠጋል። የፖስታው ራሱ ክብደት ጥቂት ግራም ስለሚጨምር፣ ባለ 250 ወረቀት የመረጠ ሰው ፎቶ ሲያክልበት ከመደበኛው ያልፋል። በዚህ ምክንያት ባለ 160 ይበቃል የሚለውን ሐሳብ እኔም እደግፋለሁ፤ ለልጆች እጅም የሚታዘዘው እርሱ ነው።

ምላሽ 8። እስከዚህ በጨዋነት የሄደው ክር እዚህ ላይ ተካረረ። በዕድሜ የገፉ አባት መሆናቸውን የገለጹ ተሳታፊ የምላሽ 3ን ባለ 200 ብር አንሥተው በብርቱ ነቀፉ። በእርሳቸው ልጅነት ሥዕሉ ይቀድም ነበር፤ ልጁ ሥሎ፣ በር አንኳኩቶ፣ በእጁ ያቀረበው ነገር ታይቶለት ነበር የሚሰጠው። ትልቁ ሰው ብር በኪስ ሸሽጎ ለልጅ ሲልክ ግን ልጁ ካርዱን የሚከፍተው ብሩን ለመፈለግ ብቻ ይሆናል፣ ጽሑፉን የሚያየው የለም፤ እንዲህ ያለውን ካርድ ከመሥራት የባንክ ሐዋላ መላክ ይሻል ነበር ብለው ደመደሙ።

ምላሽ 9። የምላሽ 3 ጸሐፊ መለሰ፣ አመላለሱም ሸካራ ነበር። ሥዕል ይዘው ለሚመጡ ልጆች ሳንቲም መስጠትም ሆነ አበባየሆሽ ለሚሉ ሴቶች ልጆች ማካፈል የበዓሉ ወግ ሆኖ ሳለ፣ በስደት ያለ አጎት ደጁን የሚያንኳኳለት ልጅ ከወዴት ያመጣል ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌውንም የሌላውን ኑሮ ሳያውቁ ይፈርዳሉ ሲል ወቀሳቸው። ለታላቅ ሰው በዚህ ቃና መናገር አይገባም ነበር፤ ያም ሆኖ ያነሣው የናፍቆት ጉዳይ እውነት ስለሆነ በቁጣው ምክንያት ብቻ መታለፍ የለበትም።

ምላሽ 10። በፖስታ አገልግሎት ያገለገሉ ሌላ ተሳታፊ ሁለቱንም በረጋ ቃል ካበረዱ በኋላ፣ ክርክሩ ወደ ውጭ አገር በሚላከው ካርድ ላይ ፋይዳ እንደሌለው አስረዱ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1908 አባል የሆነችበት የዓለም ፖስታ ኅብረት ስምምነት ዋስትና ባልተገባለት ደብዳቤ ውስጥ የገንዘብ ኖትም ሆነ ሳንቲም ማስገባትን ይከለክላል፤ ቢጠፋም ካሳ የሚጠየቅበት መንገድ የለም። በእጅ ለሚሰጥ ካርድ ግን እያንዳንዱ እንደ ቤቱ ልማድ ያድርግ አሉ። ወደ ኢትዮጵያ የሚላክ ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው በፖስታ ሣጥን ቁጥር ስለሆነም፣ የራሱ ሣጥን የሌለው ዘመድ በመሥሪያ ቤት ወይም በትምህርት ቤት ሣጥን በኩል እንዲቀበል አስቀድሞ መነጋገር እንደሚያስፈልግ አክለዋል።

የእኔንም አሳብ እዚህ ላይ ላኑር። ብር ከሥዕሉ ጋር አንድ ኪስ ውስጥ መግባት የለበትም፤ በእጅ ሲሰጥም ለብቻው ቢሰጥ እመርጣለሁ። ሽማግሌው የተናገሩት ከባድ ቢመስልም ፍሬ አለው፤ ልጅ በመጀመሪያ ዓይኑ ያረፈበትን ነገር ስጦታው እርሱ ነው ብሎ ይይዛል።

ምላሽ 11። አንዲት ተሳታፊ አደይ አበባ በኪሱ ማስገባት ይቻል እንደሆነ ጠይቃ፣ መልሱን ራስዋ በከፊል ሰጠች። አበባው ክረምቱ ሲወጣ የሚፈካ ስለሆነ ለዘንድሮ ካርድ የሚሆነው ባለፈው መስከረም ተለቅሞ የደረቀው ነው። እርስዋ በሁለት ጋዜጣ መካከል ዘርግታ ከባድ መጽሐፍ ትጭንበታለች፣ ጋዜጣውንም እርጥበት በጠጣ ቁጥር ትለውጠዋለች። የአበባው መሃል ወፍራም ስለሆነ ቅጠሎቹ ደርቀው እንኳ እርሱ ርጥበት ይይዛል፤ በጥፍር ሲጫኑት የሚለሰልስ ከሆነ ገና ነው፣ ካርዱን ቢጫ አድርጎ ያበላሸዋል። ምላሽ 10ን በመጥቀስም፣ የዕፅዋት ቁጥጥር ወደሚጠብቅባቸው አገሮች ከመላክ ይልቅ ለአገር ውስጥ ካርድ ቢሆን እንደሚሻል አሳሰበች።

ምላሽ 12። የምላሽ 4 ጸሐፊ ተመልሰው መጥተው ስለ ሙጫና ስለ አበባው በአንድነት ጻፉ። በዱቄት የተበጀ ሙጫ ውኃው ስለሚበዛ በነሐሴ እርጥበት ወረቀቱን ያጣምመዋል፣ ነፍሳትንም ይጠራል፤ ነጩ ፈሳሽ ኮላ በስሱ ከተቀባ ጥሩ ነው፣ ለሕፃናት ግን በዱላ መልክ የሚሸጠው ደረቅ ሙጫ ወይም በሁለት ገጹ የሚያጣብቅ ፕላስተር ይሻላል። በስቴፕለር መምታትን አጥብቀው ተቃወሙ፤ ሽቦው ዝጎ ወረቀቱን ከማበላሸቱም በላይ የልጅ ጣት ይወጋል። አበባው ኪሱ ውስጥ እንዳይፈረፈር ደግሞ ጃፓኖች ታቶ ከሚሉት፣ ያለ ሙጫ በማጠፍ ብቻ ከሚዘጋው የወረቀት መጠቅለያ ዓይነት በስስ ወረቀት ሠርቶ እርሱን ወደ ኪሱ ማስገባት እንደሚቻል ጠቁመዋል።

ምላሽ 13። አንድ ወጣት የሠራውን ካርድ አስተዋወቀን። እጥፋቱ ያማረ ነበር፤ ፊቱ ላይ ግን እንኳን ወደ ዘመነ ዮሐንስ አደረሳችሁ የሚል ጽፎበታል።

ምላሽ 14። እርማቱ ወዲያው መጣ። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ለ4 ሲካፈል፣ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ ነው። ለ2019 ድምሩ 7519 ሲሆን ቀሪው 3 ነው፤ ስለዚህ የሚገባው ዘመነ ሉቃስ ነው፣ በመጨረሻውም ጳጉሜን 6 ትሆናለች። ወጣቱን ያሳሳተው የመስከረም 1 በዓል ቅዱስ ዮሐንስ መባሉ ነው፤ ያ ግን የመጥምቁ መታሰቢያ እንጂ የወንጌላዊው ዘመን አይደለም። አራሚው ካርዱን እንዳይጥለው፣ ትክክለኛውን በሌላ ወረቀት ጽፎ በላዩ እንዲለጥፍበት መክሮታል።

ምላሽ 15። ከደብረ ብርሃን የጻፈችው ተሳታፊ ስለ ባዶው ኪስ የተናገረችው በክሩ ውስጥ ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው ነው። የወንድምዋ ልጅ ከካናዳ ባለ ኪስ ካርድ ልኮ በአንዱ ኪስ ባዶ ወረቀት አስገብቶ ነበር። እናትዋ መጻፍ ስለማይችሉ እርሳቸው እያሉ እርስዋ ጻፈች፤ ምርቃቱ ግን እጅ ከምታህለው ወረቀት በለጠ፣ ጀርባውንም ሞላው፣ ከዚያም በጠርዙ ዙሪያ እየተዞረ ተጻፈ። እናትየዋ ሁሉም እንዲነበብላቸው አድርገው ካዳመጡ በኋላ፣ የሁለተኛውን የልጅ ልጅ ስም አለመስማታቸውን ተናግረው ካልገባ አይዘጋም አሉ፤ ለስሙ የቀረው ቦታ የወረቀቱ አንዲት ጥግ ብቻ ነበረች። ስለዚህ ለግራው ኪስ የሚሆነው መጻፊያ አንድ ብቻ ባይሆን መልካም ነው የሚል አስተያየት ሰጥታለች። ተቀብየዋለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ በግራው ኪስ የሚገባው ወረቀት ርዝመቱ 21 ሴንቲ ሜትር የሆነው ሙሉው ቁራጭ ከመሃል ታጥፎ ይሁን፣ በአራት ገጽ ይጻፍበታልና፤ ለሥዕሉ የሚሆነው ከሌላ ወረቀት ይቆረጥ።

ምላሽ 16። የምላሽ 1 መምህርት በድጋሚ ገብተው በክረምት ከሚያስተምሯቸው ልጆች መካከል ከሰባት ዓመት በታች የሆኑት ይህን ሁሉ መለካት ስለማይችሉ ምን ይደረግ ሲሉ ጠየቁ። መልሴ ይህ ነው፦ ልኩን መቁረጥና በመሃል ያለውን ስንጥቅ ማውጣት የትልቅ ሰው ሥራ ይሁን፣ ሁለቱም የእጥፋት መስመሮች አስቀድመው ይሰመሩላቸው፤ ማጠፉን፣ በማንኪያ መጫኑንና ሙጫ መቀባቱን ግን ማንም አይሥራላቸው። የውጭ አገር ካርዶች መንገድ ስለሚፈጅባቸው በሐምሌ ቢጀመሩ ይመረጣል፤ በእጅ የሚሰጡት በነሐሴ መጨረሻ ቢሠሩም ይደርሳሉ።